አልሰማም ያለ አብራሪ

እ.ኤ.አ. በ1977 በቴኔሪፌ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተላትመው 583 ሰው አለቀ። የአንደኛው፣ የኬኤልኤም አየር መንገድ አውሮፕላን የበረራ መሐንዲስ ከግጭቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ያኛው አውሮፕላን ከመንገዱ አልወጣም እንዴ ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ወጥቷል አለና ቀጠለ። በ1978 መጨረሻ ደግሞ ፖርትላንድ ላይ የዩናይትድ አየር መንገድ ካፒቴን በማረፊያ ጎማ ችግር ተጠምዶ ሲያንዣብብ ነዳጁ አለቀና 10 ሰዎች ሞቱ። ረዳቶቹ የነዳጁን መመናመን ቢያውቁም አጥብቀው አልተናገሩም።

ናሳ በ1979 ባለሙያዎችን አሰባስቦ ነገሩን አስመረመረ፤ ዩናይትድም በ1981 የበረራ ቡድን ሥልጠና ጀመረ። ሥልጠናው ታናሹ እንዲናገር፣ አለቃው እንዲያዳምጥ ያስተምራል። ብዙ ሕይወትም አትርፏል።

ሆን ብሎ ደንብ የሚጥሰውን ግን ሥልጠና ብቻውን አይመልሰውም። በአሜሪካ አየር ኃይል የፌርቻይልድ ጦር ሰፈር ሌተና ኮሎኔል አርተር ሆላንድ እጁ የተመሰከረለት የቢ-52 አብራሪ ነበር። ይባስ ብሎ የጦር ክፍሉ የበረራ ደረጃና ምዘና ኃላፊ እሱ ነበር። በአየር ትርኢቶች ላይ ከተፈቀደው በላይ እያጋደለ፣ ዝቅ እያለ ለዓመታት በረረ። አዛዦች ጠርተው ይገሥጹታል፤ ተግሣጹ ግን በቃል ስለሚቀር ተተኪው አዛዥ ምንም አያገኝም። በ1994 መጋቢት ላይ ከተራራ ጫፍ ታክኮ ሲያልፍ እዚያ ሆነው ፊልም ሲቀርጹት የነበሩ ሰዎች አጎንብሰው ተረፉ። የስኳድሮኑ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ማርክ ማክጊሃን ከበረራ ይታገድልኝ ብሎ አመለከተ፤ እምቢ ተባለ። ያኔ የስኳድሮኔን ልጆች ብቻቸውን ከእሱ ጋር አልሰድም ብሎ ራሱ ረዳት አብራሪ ሆኖ ገባ። በሰኔ 24 አውሮፕላኑ ከመጠን በላይ አጋድሎ ተከሰከሰ፤ በውስጡ የነበሩት አራቱም ሰዎች ሞቱ።

እገዳውን የከለከሉት ኮሎኔል ጦር ፍርድ ቤት ቀርበው በግዴታ ቸልተኝነት ጥፋተኛነታቸውን አመኑ። የተፈረደባቸው ወቀሳና ለ5 ወራት በየወሩ 1,500 ዶላር ከደሞዝ መቆረጥ ነው። ለእኔ ይህ ለአራት ሰው ነፍስ እጅግ ያንሳል።

በመንገደኞች በረራም እንዲህ ያለ አለቃ አልጠፋም፦ በ2007 ዮግያካርታ ላይ የኢንዶኔዥያው ጋሩዳ አየር መንገድ ካፒቴን የማስጠንቀቂያ መሣሪያው 15 ጊዜ እያስጠነቀቀው፣ ረዳቱም ተመልሰን እንነሣ እያለው በፍጥነት ወርዶ 21 ሰው ሞተ። ዛሬ ትልልቅ አየር መንገዶች የእያንዳንዱን በረራ መረጃ ይመረምራሉ፤ ተደጋጋሚ ጥሰት ከካፒቴኑ ዝና ጀርባ መደበቅ ከብዶታል። መረጃው ካለ የሚቀረው የአለቃው ሥራ ነው፦ ጥፋቱን በጽሑፍ መያዝ፣ አብራሪውን ወደ ሲሙሌተር መመለስ፣ ካልታረመም፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ከመሪው ማንሣት።