የጀልባው ጂፒኤስ ዱራሜ ዳገት ላይ

በ2015 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊግ አድጎ በዓመቱ የወረደው ሀምበሪቾ ዱራሜ ስሙን የወሰደው ከተራራው ነው። ለሩጫ ልምምድ ዳገቱ በቂ ነው፤ ጣጣው ማን ምን ያህል እንደሮጠ ማወቁ ላይ ነው። ትልልቆቹ የአውሮፓ ክለቦች ለተጫዋቾቻቸው ጂፒኤስ ያለበት ቬስት ያለብሳሉ። ይሄ የትንሽ ክለብ ኪስ አይችለውም። ያገለገለ የእጅ ጂፒኤስ የገዛ አሰልጣኝ ደግሞ ለጀልባ የተሠራው ሊደርሰው ይችላል።

የጀልባው ጂፒኤስ ርቀትን በባሕር ማይል ሊያሳይ ይችላል። አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። 10 ኪሎ ሜትር የሮጠው አማካይ 5.4 ተብሎ ይመዘገባል፤ አሰልጣኙም «ሰነፍ» ብሎ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ልጁ ምን አጠፋ? መሣሪያውም አልተበላሸም፤ ሴቲንጉን ወደ ኪሎ ሜትር መቀየር ብቻ ነው።

የባሰው የቀን ቆጠራው ነው። ጂፒኤስ 1,024 ሳምንት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ መጋቢት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ይሄው ሆኗል። ሶፍትዌሩ ያልታደሰ አሮጌ መሣሪያ ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ተመልሶ ቁጭ ሊል፣ ሳተላይት ለማግኘትም ሊንቀራፈፍ ይችላል። ከመጣሉ በፊት ሶፍትዌሩን ማደስ፣ ካልሆነ ሪሴት አድርጎ ገላጣ ሜዳ ላይ ሩብ ሰዓት መተው ነው፤ የሳተላይቶቹን ሙሉ መረጃ ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል።

ገደል ሥር ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ ግን አይሆንም። ሲግናሉ እየነጠረ ቆሞ የዋለውን ተጫዋች ሲሮጥ እንደዋለ ይቆጥርለታል፤ እሱ ቋሚ ተሰላፊ ይሆናል፣ ዳገቱን የጨረሰው ቁጭ ብሎ ያያል።