ሥራ ያልሠራ ማኅበር

ርእሰ ዐውደ ዓመት መስከረም 1 ቀን መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ባይኖርም፣ እኛ በሒሳብ ሙያ የምንተዳደር ሰዎች ግን ዓመታችንን ሰኔ 30 ቀን ዘግተን ሐምሌ 1 ቀን አዲስ መዝገብ ስለምንከፍት፣ ምእመኑ በዘመነ ጽጌ ማሕሌት ሲቆም እኛ ያለፈውን ዓመት ስንመረምር እንገኛለን፤ ኀላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሁሉ የዓመት ግብሩን አሳውቆ የሚከፍልበት ጊዜ ጥቅምት 30 ቀን ያበቃልና።

ብዙ የነገደው ደንበኛ አያሳስበኝም፤ ዕዳውን ስለሚያውቅ በጊዜው ይመጣል። የሚያሳስበኝስ ፈቃድ አውጥቶ፣ ቢሮ ተከራይቶ፣ የውጭ ምንዛሪ አጥቶ ዕቃው ሳይገባለት የቀረው፣ «አንዳች አልሸጥሁም፤ ምን አሳውቃለሁ?» እያለ ዓመታትን በዝምታ የሚያሳልፈው ነው። ማኅበሩ ከመሥራቾቹ የተለየ ሕጋዊ ሰውነት ያለውና ከንግድ መዝገብ እስኪሰረዝ ድረስ ሕያው ሆኖ የሚቆጠር ስለሆነ፣ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሚከፈል ግብር ባይኖር እንኳ ላልታወቀው ለእያንዳንዱ የግብር ዘመን 10,000 ብር መቀጫ ደንግጎበታል።

በእኔ አስተያየት ግን ከመቀጫው ይልቅ የሚያስቆጨው የጠፋው ኪሳራ ነው። የቢሮው ኪራይና የዘበኛው ደመወዝ በወግ ተመዝግቦ፣ በኦዲተር ተመርምሮ፣ በገቢዎችም ተቀባይነት አግኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ እስከ 5 ዓመት ድረስ እየተሸጋገረ፣ 30 በመቶ ግብር ከሚታሰብበት ከኋለኛው ትርፍ ላይ ሊቀነስ ይችል ነበር።

አንድ አረጋዊ ነጋዴ የሦስት ዓመት ደረሰኝ በፌስታል ሞልተው ይዘውልኝ መጡ። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት የሚጻፈው በሙቀት ስለሆነ፣ በመስኮት አጠገብ ፀሐይ የመታው እኩሌታው ነጭ ሆኗል። አንዱን አንሥቼ፣ «ጋሼ፣ ይህ የምን ወጪ ነው?» ብላቸው፣ ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው ተመልክተው፣ «የዘበኛው ወንበር ሳይሆን አይቀርም፣ ልጄ» አሉኝ። ለኦዲተር «ሳይሆን አይቀርም» አይበቃውም። ስለዚህ ደንበኞቼን ሁሉ ደረሰኙን በተቀበሉበት ዕለት ፎቶ ኮፒ አስነሡ እያልሁ እወተውታለሁ፤ የሚሰሙኝም ጥቂቶች ናቸው።

«እንግዲያውስ ማኅበሩን እንዝጋውና ይለይልን» አሉ ጋሼ። ነገር ግን ፈቃድ ለማደስ የሚጠየቀው የግብር ክሊራንስ ፈቃድ ለመመለስም የሚጠየቅ ነውና፣ የሦስቱን ዓመታት ማሳወቂያ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረን መሙላት ያዝን።