አዲስ ራውተር የሚጥላቸው አሮጌ ዕቃዎች

መርካቶ ውስጥ የመዳቡን የኢንተርኔት መስመር በፋይበር ያስቀየረ ባለ ሱቅ ከመስመሩ ጋር አዲስ ራውተርም ያገኛል። ስልኩ ይፈጥንለታል፣ የሚያየው ቪዲዮ መቆራረጡን ይተዋል። ዋጋ ማቅረቢያ የሚያትምበት የቆየ የዋይፋይ ፕሪንተር ግን ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት ይጠፋል። ወንድሙ ከአሜሪካ የላከለት ላፕቶፕም እንዲሁ፤ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚላከከው በዕቃዎቹ ላይ ነው፤ አርጅተዋል ይባላል። አብዛኞቹ ግን ጤነኞች ናቸው። ችግሩ ያለው አዲሱ ራውተር ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ሴቲንግ ላይ ነው።

ራውተር በመስመር የሚመጣውን ኢንተርኔት ተቀብሎ በሬዲዮ ሞገድ ለየዕቃው የሚያከፋፍል ማሽን ነው። የዛሬዎቹ በአብዛኛው በሁለት ባንድ ይሠራሉ፤ በ2.4 ጊጋኸርዝና በ5 ጊጋኸርዝ። 5 ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ማለፍ ግን ይከብደዋል። 2.4 ዘገምተኛ ቢሆንም ርቆ ይሄዳል። የቆዩ ፕሪንተሮች፣ ርካሽ ስልኮችና ብዙ የጥበቃ ካሜራዎች የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። አዲሱ ራውተር ደግሞ ሁለቱን ባንዶች በአንድ ስም አውጥቶ እያንዳንዱን ዕቃ ወደ 5 ለመግፋት ይሞክራል። አንዳንዱ ራውተር በ2.4 የመጣለትን ጥሪ ሆን ብሎ ሳይመልስ ያቆያል፤ ዕቃው በ5 ተመልሶ እንዲመጣ ነው። 5ን የማያውቅ ፕሪንተር ግን የሚመለስበት ሌላ መንገድ ስለሌለው ተስፋ ቆርጦ ይተዋል። መፍትሔው ለሁለቱ ባንዶች የተለያየ ስም ሰጥቶ አሮጌውን ዕቃ ከ2.4 ጋር ብቻ ማገናኘት ነው።

ይህን ለማድረግ ባለሙያ መጥራት የግድ አይደለም። ከራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 የሚል አድራሻ፣ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ተጽፎባታል። አድራሻውን በስልክዎ ብሮውዘር ሲያስገቡት የራውተሩ ሴቲንግ ይከፈታል። ከመነካካትዎ በፊት የነበረውን በስልክ ፎቶ ማንሳት አይርሱ።

ሁለተኛው ምክንያት ቁልፉ ነው። የዋይፋይ መቆለፊያ ደብልዩ ፒ ኤ 2 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ተተኪው ደብልዩ ፒ ኤ 3 በ2018 መጣ። ራውተሩ 3ን ብቻ እንዲቀበል ከተደረገ የቆየ ዕቃ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ይመለሳል። ሁለቱን አቀላቅሎ እንዲቀበል ሲደረግ እንኳ ግራ የሚጋቡ ዕቃዎች አሉ። 2.4 ላይ ደብልዩ ፒ ኤ 2ን ብቻ መምረጥ ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል፤ ጠንካራ ፓስወርድ እስካለው ድረስም ለሱቅ በቂ ነው።

ከአሜሪካ የመጣው ላፕቶፕ ጉዳይ ለየት ይላል። በ2.4 ባንድ ላይ ብዙ አገሮች እስከ 13ኛው ቻናል ድረስ ይፈቅዳሉ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ዕቃዎች ግን በአብዛኛው ከ11 በላይ ያለውን አይሰሙም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ እንደገና ተነሥቶ ቻናል ይመርጣል። 12 ወይም 13 ላይ ካረፈ ስልኩ የሚያየውን ዋይፋይ ላፕቶፑ ከነመኖሩም አያውቀውም። ትናንት ሠርቶ ዛሬ የጠፋው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፤ ድራይቨራቸው ያልታደሰ አንዳንድ የኢንቴል የዋይፋይ ካርዶች ዋይፋይ 6 የሚባለውን አዲስ ትውልድ ጭራሽ አያዩትም። እዚህ ላይ ካርዱን መቀየር ሳይሆን ድራይቨሩን ማደስ ነው የሚያስፈልገው።

መርካቶ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በራጉኤልና በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ባሉት የገበያ ሕንፃዎች ሱቆቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተዋል፤ ብዙዎቹም የየራሳቸው ራውተር አላቸው። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች ደግሞ 3 ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ሁሉም ነጋዴ በአንድ ጊዜ ዋጋ ቢጠራ ገዢው ማንንም እንደማይሰማው፣ ፕሪንተሩም የራሱን ራውተር መለየት ያቅተዋል። በዚህ ላይ አዲሱ ራውተር ፍጥነት ለመጨመር ሲል የቻናሉን ስፋት ከ20 ወደ 40 ሜጋኸርዝ ያሰፋዋል፤ ያኔ የባንዱን ግማሽ ያህል ብቻውን ይይዛል። ስፋቱን ወደ 20 መልሶ ከሦስቱ ጭር ያለውን ቻናል በእጅ መምረጥ ይሻላል። የጎረቤቶችን ቻናል የሚያሳዩ ነፃ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። ራውተሩንም ከብረት መደርደሪያና ከቆርቆሮ ማራቅ ነው፤ ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል።

ስለ ፕሪንተሩ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ የዋይፋይ ፕሪንተሮች ስለ ግንኙነታቸው በወረቀት ሪፖርት ያወጣሉ፤ የትኛውን ቁልፍ ተጭነው እንደሚያወጡት መመሪያው ይነግርዎታል። ወረቀቱ ላይ የዋይፋዩ ስም፣ የሲግናሉ ጥንካሬና ራውተሩ የሰጠው አድራሻ ይነበባል። አድራሻው ከሳምንት ሳምንት የሚለዋወጥ ከሆነ ፕሪንተሩ ከኔትወርኩ አልወጣም ማለት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ነው በድሮው አድራሻ የሚፈልገው። ራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ ሲያዝለት ያበቃል። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ የሚሠራ ፕሪንተር ጥሏል፤ ያሳዝነኛል።

አጥብቄ የምቃወመው አንድ መፍትሔ አለ፦ አሮጌውን ዕቃ ለማስገባት ሲሉ ዋይፋዩን ያለ ፓስወርድ መክፈት፣ ወይም ዌፕ ወደሚባለው ጥንታዊ ቁልፍ መመለስ። ዌፕ በነፃ በሚገኙ ፕሮግራሞች በደቂቃዎች ይሰበራል። ደንበኛና መንገደኛ በሚጋፋበት ሱቅ ይህ በር ከፍቶ እንደመሄድ ነው። ዌፕን ብቻ የሚያውቅ ዕቃ በእርግጥ ዘመኑ አልፏል፤ በገመድ ካልሆነ በቀር አያገናኙት። ነገር ግን ከ2006 ወዲህ የዋይፋይ ማረጋገጫ ያገኘ ዕቃ ሁሉ ደብልዩ ፒ ኤ 2ን ያውቃል። ስለዚህ ለቁራሌ ከመሸጥዎ ወይም ወደ ምናለሽ ተራ ከመላክዎ በፊት ከ2.4 ጋር ለብቻው አገናኝተው፣ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አስረው ጥቂት ቀን ይሞክሩት።