የፊጥራው ገንዘብ የት ገባ?

ባለፈው ዓመት በረመዷን 25ኛ ቀን ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ለኢፍጣር ተጠርቼ ነበር። መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ቴምሩና ውኃው ቀርቧል፤ ሾርባው ከእሳት ወርዷል፤ ሳምቡሳው ተደርድሯል። የአክስቴ ትንሹ ልጅ ግን ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። «ልጄ፣ አዛን ሊል ነው፤ አስቀምጠው እንጂ» ብትለውም አልሰማትም።

ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው እህቱ ከቀትር በኋላ መልእክት ጽፋለት ነበር፦ «150 ዶላር ልኬልሃለሁ። የቤተሰቡን ፊጥራ አውጣ፤ የእማዬን የኢድ ልብስም ከዚያው ላይ ግዛ።» እሷ ስልክ ላይ «ተልኳል» ይላል። እሱ ስልክ ላይ ግን ዜሮ ነው። ዘካተል ፊጥር ደግሞ ከኢድ ሰላት በፊት መውጣት ያለበት ነው፤ ቀኑ አይጠብቅም።

እህትየዋ ባንክ ወይም ሐዋላ ቤት የምትሄድበት የእረፍት ቀን አልነበራትም። ጓደኛዋ በስልክ ዩኤስዲቲ የሚባለውን ክሪፕቶ ገንዘብ መግዛትና መላክ አስተምራታለች። ወንድሟም ለውጭ ደንበኞች የግራፊክስ ሥራ ሲሠራ የከፈተው ዋሌት ስልኩ ላይ ነበረው። የላከችው በዚያ ነው። የሁለት ወር ቁጠባዋ ነበር።

አንድ ስም፣ ብዙ መንገድ

ዩኤስዲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ፣ አንዱ በአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የሚንቀሳቀስባቸው ብሎክቼይኖች ብዙ ናቸው። ገንዘብ የሚልክ ሰው «ኔትወርክ ይምረጡ» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። እዚያ ላይ ኢአርሲ 20 ማለት ኢተሪየም፣ ቲአርሲ 20 ማለት ትሮን፣ ቢኢፒ 20 ማለት ቢኤንቢ ስማርት ቼይን ነው። እያንዳንዱ የራሱ መዝገብ አለው። በአንዱ መዝገብ የተጻፈ ገንዘብ በሌላው ላይ አይታይም።

ሰው የሚሳሳተው አድራሻዎቹ ስለሚመሳሰሉ ነው። የትሮን አድራሻ «ቲ» በሚባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል፤ ርዝመቱም 34 ፊደልና ቁጥር ነው። የኢተሪየምና የቢኤንቢ ስማርት ቼይን አድራሻዎች ግን ሁለቱም በዜሮና በ«ኤክስ» ይጀምራሉ፤ ሁለቱም 42 ፊደልና ቁጥር ናቸው። አንድ ሰው የትሮንን አድራሻ ሰጥቶ ላኪው ቢኢፒ 20 ቢመርጥ፣ መተግበሪያው አብዛኛውን ጊዜ «አድራሻው ልክ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። የኢተሪየምን አድራሻ ከሰጠ ግን መተግበሪያው ልዩነቱን አያውቅም። ይቀበላል፤ ይልካል።

በአክስቴ ልጆች ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ወንድም አድራሻውን የቀዳው ከዋሌቱ የኢተሪየም ገጽ ነው። እህት ደግሞ ክፍያው ስላነሰላት ቢኢፒ 20ን መረጠች። ሁለቱም ስለ ኔትወርክ አልተነጋገሩም።

«12ቱን ቃላት ላክልኝ»

ካፈጠርን በኋላ ልጁ በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «እርዱኝ» ብሎ ጻፈ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንድ የማያውቀው ሰው በግል መልእክት መጣለት። «የጠፋ ክሪፕቶ አስመልሳለሁ። የዋሌትህን 12 ቃላት ብቻ ላክልኝ፤ ዛሬውኑ ታገኘዋለህ» አለው። ልጁ ቃላቱን የጻፈባትን ደብተር አወጣ። አራቱን ቃል ጽፎ ሳይልከው ለተራዊሕ ተጠራና ተነሥቶ ሄደ።

መስጊድ ውስጥ ያገኘው የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሆነ የጎረቤት ልጅ ነበር። ነገሩን ሲነግረው የጎረቤቱ ልጅ ደነገጠ። «የጻፍከውን አሁኑኑ አጥፋ። እነዚያ ቃላት የቤትህ ቁልፍ ናቸው። የወሰዳቸው ሰው ይህን ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ወደፊት የሚገባልህንም ሁሉ ይወስዳል» አለው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሌት ሲከፈት የሚሰጡት 12 ወይም 24 ቃላት አንድ ቁልፍ ያወጣሉ። ያ ቁልፍ በኢተሪየምም፣ በቢኤንቢ ስማርት ቼይንም፣ በሌሎች መሰል ኔትወርኮችም ላይ አንድ ዓይነት አድራሻ ይሰጣል። በሁለት ሰፈር ያሉ፣ የቤት ቁጥራቸው አንድ የሆነ፣ በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ ሁለት ቤቶች እንዳሉህ ቁጠረው። ዕቃው የገባው አንተ ቆመህ በምትጠብቅበት ቤት ሳይሆን በሌላው ሰፈር ባለው ቤትህ ነው። አልጠፋም። በሩን ሄደህ መክፈት ብቻ ነው የሚቀርህ።

እንዴት ተገኘ?

መጀመሪያ እህትየዋ ከላከችበት መተግበሪያ ላይ የግብይቱን መለያ ቁጥር ቀድታ ላከችላቸው። ይህ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ለእያንዳንዱ ዝውውር የሚሰጥ ነው። የቢኤንቢ ስማርት ቼይንን መዝገብ ለማንም በሚያሳየው ቢኤስሲስካን በተባለው ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡት ዝውውሩ መጠናቀቁን፣ 150 ዩኤስዲቲውም በልጁ አድራሻ ላይ መቀመጡን አዩ። ለኢተሪየም ኢተርስካን፣ ለትሮን ትሮንስካን ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ። ማየት ነፃ ነው፤ ቁልፍም ሆነ የይለፍ ቃል አይጠይቅም።

ቀጥሎ ልጁ ዋሌቱ ላይ የቢኤንቢ ስማርት ቼይንን ኔትወርክ ጨመረ፤ ዩኤስዲቲውንም በዚያው ኔትወርክ ላይ እንዲያሳየው አደረገ። ገንዘቡ ብቅ አለ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። በእያንዳንዱ ኔትወርክ ላይ ገንዘብ ለማንቀሳቀስ «ጋዝ» የሚባል ክፍያ አለ፤ የሚከፈለውም በራሱ በኔትወርኩ ገንዘብ ነው። በኢተሪየም ላይ በኢተር፣ በቢኤንቢ ስማርት ቼይን ላይ በቢኤንቢ። ልጁ 150 ዩኤስዲቲ እያለው የጥቂት ሳንቲም ቢኤንቢ ስላልነበረው ሊያንቀሳቅሰው አልቻለም። በማግሥቱ ጠዋት እህቱ የሁለት ዶላር ቢኤንቢ በትክክለኛው ኔትወርክ ላከችለትና መንገዱ ተከፈተ።

ቁልፉ የሌላ ሰው ከሆነስ?

የአክስቴ ልጅ የዳነው ቁልፉ በእጁ ስለነበረ ነው። ሁሉም ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ብዙዎች የሚቀበሉት በክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት ውስጥ በከፈቱት ሒሳብ ነው። እዚያ የሚሰጣቸው አድራሻ በስማቸው ቢሆንም ቁልፉን የያዘው ድርጅቱ ነው። ድርጅቱ በማይቀበለው ኔትወርክ የተላከ ገንዘብ አድራሻው ላይ ይቀመጣል፤ በደንበኛው ሒሳብ ላይ ግን አይታይም።

በዚህ ጊዜ ያለው አማራጭ ከራሱ ከመተግበሪያው ወይም ከትክክለኛው ድረ ገጽ ገብቶ ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ማመልከት ነው። የግብይቱን መለያ ቁጥር፣ የገንዘቡን ዓይነትና መጠን፣ የተላከበትን ኔትወርክና ቀን ማቅረብ ያስፈልጋል። አንዳንድ ድርጅቶች ክፍያ ተቀብለው ይመልሳሉ፤ ሳምንታት ሊወስድም ይችላል። አንዳንዶቹ መጠኑ አነስተኛ ከሆነ ወይም ኔትወርኩን ጨርሶ ካልደገፉት አንመልስም ይላሉ። የላከው ወገን ዝውውሩን «ሰርዙልኝ» ቢል ዋጋ የለውም፤ ብሎክቼይን ላይ አንዴ የተጠናቀቀ ዝውውር ወደ ኋላ አይመለስም።

ከዚህም የከፋ አለ። አንዳንድ አድራሻዎች የሰው ቁልፍ ሳይሆን በኔትወርኩ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ያለባቸው ናቸው። በአንዱ ኔትወርክ ላይ አድራሻው የእርስዎ ነው ማለት በሌላውም ላይ የእርስዎ ነው ማለት አይደለም። ይህን ትልልቆቹም ስተውታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የኦፕቲሚዝም ፋውንዴሽን ዊንተርሚዩት ለተባለ የክሪፕቶ ንግድ ኩባንያ 20 ሚሊዮን ኦፒ ቶከን ላከ። ኩባንያው የሰጠው አድራሻ በኢተሪየም ላይ የከፈተው ባለብዙ ፊርማ ዋሌት ነበር። በኦፕቲሚዝም ኔትወርክ ላይ ግን ዋሌቱ ገና አልተከፈተም። ኩባንያው ሊከፍተው ሲዘጋጅ ሌላ ሰው ቀድሞ በዚያው አድራሻ ላይ የራሱን ከፈተና ቶከኖቹን ወሰደ። ኋላ 17 ሚሊዮኑን መለሰ። የመለሰው ግን በፈቃዱ እንጂ የሚያስገድደው ቴክኖሎጂ ኖሮ አይደለም።

እንግዲህ ገንዘብ በተሳሳተ ኔትወርክ ሲላክ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጠፋ ወይስ አልጠፋም?» አይደለም። «ገንዘቡ ያረፈበትን አድራሻ ቁልፍ የያዘው ማን ነው?» ነው። እርስዎ ከያዙት ይገኛል። ድርጅት ከያዘው ድርጅቱን መለመን ነው። ማንም ካልያዘው የሚያስመልስ ባለሙያ የለም፤ አስመልሳለሁ የሚልዎት ሌባ ነው።

በቤታችን ልናወራው የሚገባ

አገር ቤት ያለን ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ማለት አለብን። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውሶ፣ በክሪፕቶ ገንዘብ ክፍያ መፈጸም ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ እዚህ ለቤት ወጪ የተላከ ክሪፕቶ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ አቤት የሚባልበት በር ጠባብ ነው። በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው የሐዋላ ድርጅት የተላከ ገንዘብ ግን ስሙ ቢሳሳት እንኳ ደረሰኝ ተይዞ ይጠየቃል፤ ይስተካከላል።

ውጭ አገር ያሉ እህት ወንድሞቻችን በክሪፕቶ የሚገበያዩ ከሆነም ከአድራሻው በፊት ኔትወርኩን ይጠይቁ። ሁለቱም ወገኖች ስሙን ጽፈው ይተማመኑ። ከዚያ በጣም ትንሽ መጠን ልከው መድረሱን ሳያረጋግጡ ቀሪውን አይላኩ። ለሙከራው የሚወጣው ክፍያ ከእንባ ይረክሳል። 12ቱ ቃላት ደግሞ ለባለሙያም፣ ለጓደኛም፣ «የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ» ለሚልም አይሰጡም።

የአክስቴ ልጆች ታሪክ ያለቀው እንዲህ ነው። ልጁ ገንዘቡን እዚህ ሊመነዝረው አልፈለገም። ለእህቱ በዚያው በቢኢፒ 20 መለሰላት፤ በቅድሚያ አምስት ዶላር፣ መድረሱን ስታረጋግጥለት ቀሪውን። እሷ ሸጠችውና በ27ኛው ቀን ማዳሟን ለአንድ ሰዓት አስፈቅዳ ሐዋላ ቤት ሄደች። በማግሥቱ ገንዘቡ በእናቷ የባንክ ሒሳብ ገባ።

በ29ኛው ቀን ማታ ስንዴው ተሰፍሮ ከደጃፉ ተቀመጠ። ፊጥራው ከሰላት በፊት ለባለቤቶቹ ደረሰ። አክስቴ አዲሱን ልብሷን ለብሳ ከኢድ ሰላት ስትመለስ ዱባይ ደወለች። «ደርሷል ልጄ፤ አላህ ይቀበልሽ» አለቻት። ቀጥላም «ሌላ ጊዜ ግን ወንድምሽን የላክሺው በየትኛው መንገድ እንደሆነ ቀድመሽ ንገሪው» አለች።