ትከሻው የት ሄደ?

ጥር ሲገባ ወረታ ላይ ሠርጉ በላይ በላዩ ነው። ዳሱ ይጣላል፣ ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። ከዘመድ አንዱ ከኪሱ ትንሿን ዲጂታል ካሜራ ያወጣና እስክስታው ሲደምቅ ጠብቆ ይጫናል። ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ፎቶውን ሲያይ የዳሱ ምሰሶ፣ የለስላሳው ሣጥን፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል። ብዥ ያለው ጨፋሪው ብቻ ነው። ፊቱ ሁለት ይመስላል፤ ትከሻው ጭራሽ የለም።

«እጅህ ተንቀጥቅጦ ነው» የሚለው ፍርድ ወዲያው ይሰጣል። ፎቶው ግን የሚመሰክረው ሌላ ነው። እጅ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ምሰሶውም አብሮ በደበዘዘ ነበር። ምሰሶው ከጠራ የተንቀሳቀሰው ካሜራው ሳይሆን ሰውዬው ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና። በብዙ የኪስ ካሜራዎች ላይ ያለው መንቀጥቀጥ መከላከያ የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ እንጂ የጨፋሪውን ትከሻ አይደለም።

ነገሩ ያለው ሹተሩ ላይ ነው። ሹተሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ከሌንሱ ፊት የተደረገው ሁሉ አንድ ፎቶ ላይ ይደራረባል። በሴኮንድ 2 ሜትር የሚወናጨፍ እጅ ሹተሩ ለ1/30 ሴኮንድ ከተከፈተ በዚያች ቅጽበት 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከሦስት ጣት ስፋት በላይ ማለት ነው። ሹተሩ በ1/500 ሴኮንድ ቢዘጋ ግን ያው እጅ የሚሄደው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቆመው ለሚያወሩ ሰዎች 1/125 ይበቃል፣ ለሚራመድ 1/250 ይሻላል፤ እስክስታ 1/500ና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ካሜራ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ፈጣን አልነበረም። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ደብረ ታቦር ያደርሳል። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው እዚያ ነው። አባቱ መቅደላ ላይ በሞቱ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1860 ዓ.ም. ክረምት፣ የሰባት ዓመቱ ሕፃን እንግሊዝ አገር ዋይት በምትባለው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ከተባለች ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ፊት ተቀመጠ። የዚያን ጊዜው ፎቶ የሚነሳው ኬሚካል በተቀባ መስተዋት ላይ ነበር፤ መስተዋቱ ብርሃን የሚጠጣው በዝግታ በመሆኑ ካሜሮን ፊት የሚቀመጥ ሰው ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። የዓለማየሁ ፎቶዎች ዛሬም አሉ። ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን እውነተኛ ነው፤ እናትና አባቱን በአንድ ዓመት ያጣ ልጅ ነው። ሆኖም ፈገግ ብሎ ቢሆን ኖሮስ? የትኛውም ሕፃን ፈገግታን ለደቂቃዎች ይዞ መቆየት አይችልም። ያ መስተዋት የሕፃን ሳቅ የሚይዝበት ፍጥነት አልነበረውም።

የዛሬው የኪስ ካሜራ አለው፤ ብርሃን ካገኘ። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ደግሞ በቀን ብርሃን አይቸግረውም። የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያጠጡት ማሳ ላይ ሩዝ ሲተከል ውኃው ራሱ ብርሃኑን ወደ ላይ ስለሚመልሰው፣ ያጎነበሰ ሰው ፊት እንኳ ከሥር ይበራል። እዚያ ካሜራው በራሱ 1/500ን ያልፋል፤ ብዥታ የሚባል ነገር አይታሰብም። ችግሩ ሰዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ፎቶ ዳስ ውስጥ፣ ጎጆ ውስጥ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ መሆኑ ነው። ጨለም ሲል ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ሹተሩን ለ1/15 ሴኮንድ ከፍቶ ይጠብቃል። ጨፋሪው አይጠብቅም።

ያኔ መጀመሪያ መተው ያለበት ዙም ነው። በአብዛኞቹ የኪስ ካሜራዎች ዙሙ ሲሳብ የሌንሱ ቀዳዳ እየጠበበ ይሄዳል፤ የሚገባው ብርሃን እስከ ሩብ ሊወርድ ይችላል። በእግር ሁለት እርምጃ መቅረብ ይሻላል። ቀጥሎ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን አይኤስኦ 800 ወይም 1600 ማድረግ። ፎቶው ጥቃቅን ነጠብጣብ ይወርሰዋል፤ ይሁን። ነጠብጣብ ያለበት የእናት ፊት ከሌለ ፊት ይበልጣል። የሯጭ ሥዕል ያለበት የስፖርት ምርጫ ካለም ካሜራው ፈጣን ሹተር እንዲመርጥ ያደርጋል፤ ኮከብና ሰው ያለበት የሌሊት ምርጫ ግን ሹተሩን ስለሚያዘገይ ለጭፈራ አይሆንም።

ፍላሽ ትልቅ ረዳት ነው። ብልጭታው ብዙውን ጊዜ ከ1/1000 ሴኮንድ ያጠረ ስለሆነ እንቅስቃሴን ቀጥ ያደርጋል። የትንሿ ካሜራ ፍላሽ ግን ከሦስት ሜትር ገደማ አይርቅም፤ ከዳሱ ጫፍ ሆኖ ሙሽሮቹን ለማንሳት መሞከር ብልጭታውን ማባከን ነው። የሩዝ መፈልፈያ ቤት ውስጥ ደግሞ ይባስ ብሎ ጠላት ይሆናል። አየሩን የሞላው የገለባ ብናኝ ሌንሱ ጎን ካለችው ፍላሽ ብርሃን ሲያርፍበት ፎቶው በነጫጭ ክቦች ይሸፈናል። እዚያ ፍላሹን አጥፍቶ ሠራተኛውን ወደ በሩ፣ ወደ ቀኑ ብርሃን መጥራት ነው።

ብርሃን የማይሰጠውን ደግሞ ጊዜ ይሰጣል። አውድማ ላይ ሩዝ የሚያዘራ ገበሬ በላይዳው ሽቅብ ወርውሮ ክንዱ ሊመለስ ሲል ለቅጽበት ይቆማል። ትከሻም እንዲሁ ነው፤ ወደ ላይ ነጥቆ ቁልቁል ሊወርድ ሲል ለዓይን እንኳ የማትያዝ ማረፊያ አለችው። ያችን ለመያዝ ቁልፉን አስቀድሞ እስከ ግማሽ መጫን ያስፈልጋል፤ ካሜራው ትኩረቱን አስተካክሎ ይጠብቃል፣ የቀረው ግማሽ ሲጫን ሳይዘገይ ያነሳል።

ጭፈራውን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይጠቀማል። ከበሮውን ሁለት ሦስት ዙር አዳምጦ፣ ክንዱን ከጎኑ አስጠግቶ፣ ቁልፉን እስከ ግማሽ ይዞ ይቆያል። ምቱ ትከሻን ሲያነሳ ይጫናል፤ ደግሞ ይጫናል፣ አሁንም ይጫናል። አራቱ ፎቶ ብዥ ይላል። አምስተኛው ላይ የሙሽራው እናት ትከሻቸውን ሰብቀው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ጥርሳቸው እንደበራ ቆመዋል፤ የቀሚሳቸው ጥልፍ ክሩ ይቆጠራል።