ሜኑ ላይ 400፣ ሂሳብ ላይ 500፦ ምግብ ቤቶች እንዴት ነው የሚያስከፍሉን?

ሜኑ ላይ 400 ብር ያያችሁት ምግብ ሂሳቡ ሲመጣ 500 ብር ገደማ ሆኖባችሁ ያውቃል? ብዙ ሰው አስተናጋጁ ላይ ይጮሃል። አስተናጋጁ ግን ምንም አላደረገም። ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል "ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አይጨምርም" የሚል ነገር ፈልጉ። ቫት 15 በመቶ ነው፣ ሰርቪስ ቻርጁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ። ይሄ በብዛት የሆቴሎችና የትልልቅ ሬስቶራንቶች አሠራር ነው። እንደ ዮድ አቢሲኒያ ባሉ የባህል ምግብ ቤቶች ደግሞ የምትከፍሉት ለምግቡ ብቻ አይደለም፤ ሙዚቃውና ጭፈራውም አብሮ ይታሰባል።

ሽሮ ቤት ስትገቡ ነገሩ ቀላል ነው። ዋጋው ግድግዳ ላይ ተጽፏል፣ ያንኑ ትከፍላላችሁ። እዚያ መጠየቅ ያለባችሁ ስለ ጭማሪ እንጀራ ነው። ድሮ ሳይጠየቅ ይመጣ ነበር፣ አሁን ብዙ ቦታ ለብቻው ይታሰባል።

ሥጋ ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። ሜኑ የለም፣ በኪሎ ነው። ቆራጩ ፊት ቆማችሁ ጎድኑን፣ ሻኛውን፣ ዳቢቱን እያሳያችሁ ታስቆርጣላችሁ፤ ከዚያ ጥሬ ወይ ጥብስ ትላላችሁ። አስተናጋጅ "ግማሽ ኪሎ ላምጣላችሁ?" ካለ ተነሱና ሚዛኑን እዩ፤ ነውር የለውም፣ ደንበኛ ሁሉ ያደርገዋል። አዲስ ሰው የሚደናገረው ሂሳቡ ላይ ነው። ብዙ ቦታ ሥጋው የአንድ ሰው፣ መጠጡ የሌላ ሰው ሥራ ስለሆነ ሁለት ሂሳብ ይመጣል። የሥጋውን ከፍላችሁ ልትወጡ ስትሉ "የቢራውስ?" ትባላላችሁ። በነገራችን ላይ ረቡዕና ዓርብ፣ ከበዓለ ሃምሳ ውጪ፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች አብዛኞቹ ሥጋ አይሸጡም። በያይነት ፈልጉ።

ቡና በቁም የሚጠጣባቸው ቤቶች፣ ፒያሳ እንዳለው ቶሞካ ዓይነት፣ መጀመሪያ ካሸር ጋ ከፍላችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ነው ቡናውን የምትቀበሉት። ተቀምጣችሁ አስተናጋጅ ብትጠብቁ ማንም አይመጣም።

አሁን ስለ ቲፕ። ሰርቪስ ቻርጅ ቲፕ አይደለም። ቤቱ በደረሰኝ የሚሰበስበው ገንዘብ ነው፤ ለሠራተኛው ይድረስ አይድረስ አስተናጋጁን ራሱን ቀስ ብላችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ድሮ ቲፑ የሚወጣው ከመልሱ ነበር፣ ሳንቲሙን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ትሄዳላችሁ። በቴሌብር ስትከፍሉ ግን መልስ የሚባል ነገር የለም፣ አስተናጋጁም ባዶ እጁን ይቀራል። ትንሽ ዝርዝር ብር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፣ ወይ ቁጥሩን ጠይቁና ለብቻው ላኩለት።