ሳይታይ የተመሰገነ ፊልም

የውጭ አገር ጋዜጦችና መጽሔቶች በየዓመቱ መጨረሻ የሚያወጡት አንድ የታወቀ ጽሑፍ አለ፤ ይኸውም «በሚመጣው ዓመት በጕጕት የሚጠበቁ ፊልሞች» የሚለው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ፊልሞቹን አላያቸውም፤ የሚያነበውም አላያቸውም፤ ብዙዎቹም ገና ተሠርተው አላለቁም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪው በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ወጣቱ ሠራተኛም በሻይ ሰዓት ስለ ፊልሞቹ መልካምነት ሲከራከር ይውላል። አባቶቻችን «አስቀድሞ ማመስገን ለሐሜት ያስቸግራል» ያሉት ስለ ሰው ነበር፤ ለፊልምም የሚሠራ ምክር መሆኑን የሲኒማ ታሪክ በብዙ ቦታ ይመሰክራል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከቅርብ ጊዜው እንጀምር። ክሪስቶፈር ኖላን የተባለው ስመ ጥር ዲሬክተር ከጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ከሆሜር ድርሰት ለሠራው «ኦዲሴይ» ለተባለው ፊልም የተቈረጠለት ቀን ጁላይ 17 ቀን 2026 ነበር። ዳሩ ግን ቀኑ ሊደርስ ልክ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በጁላይ 17 ቀን 2025፣ አይማክስ በሚባለው እጅግ ሰፊ ሸራ ላይ በ70 ሚሊሜትር ፊልም ለሚያሳዩት ጥቂት ሲኒማ ቤቶች ቲኬት ተሸጠ፤ በብዙው ቦታም በጥቂት ሰዓት ውስጥ አለቀ። እንግዲህ ገዢው የገዛው ምንድን ነው? ታሪኩን ነው እንዳይባል፣ ኦዲሴዎስ ከትሮያ ጦርነት በኋላ ብዙ ተንከራቶ ወደ ቤቱ መመለሱን ዓለም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲያውቀው ኖሯል። ፊልሙን ነው እንዳይባል፣ ያን ጊዜ ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር። የገዛው የዲሬክተሩን ስምና የራሱን ተስፋ ነው።

ተስፋ ማድረግ ጥፋት አይደለም፤ መልካም ነገርን የማይጠብቅ ልብ መልካም ነገር ሲመጣም አይደሰትም። ነገር ግን ተስፋውን ማን እንዳበጀውና ለምን እንዳበጀው ማወቅ ይገባል።

በ1936 ማርጋሬት ሚቸል የተባለች አሜሪካዊት ስለ አገሯ የእርስ በርስ ጦርነት የጻፈችው ልብ ወለድ ታተመ። መጽሐፉ በእኛም አገር የታወቀ ነው፤ ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጕሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለአማርኛ አንባቢ አድርሶታል። ዴቪድ ሴልዝኒክ የተባለው የሆሊውድ ፊልም አሠሪ መጽሐፉን ወደ ፊልም ለመለወጥ መብቱን በ50 ሺህ ዶላር ገዛ። ከዚያም ዋናዋን ሴት፣ ስካርሌትን፣ ሆና የምትሠራ ተዋናይ በመፈለግ ሁለት ዓመት ያህል ቈየ። ፍለጋው ሥራም ነበር፤ ማስታወቂያም ነበር፤ አገር ሁሉ «ማን ትሆን?» እያለ እንዲጠብቅ አደረገ። በዲሴምበር 1938 አትላንታ ከተማ ስትቃጠል የሚያሳየው ክፍል በካሜራ ሲነሣ እንኳ የስካርሌት ተዋናይ በይፋ አልተመረጠችም ነበር፤ በመጨረሻ ዕጣው ለእንግሊዛዊቷ ለቪቪየን ሊ ወጣ።

በዲሴምበር 15 ቀን 1939 ፊልሙ በአትላንታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ከተማይቱ በዓል አደረገች፤ ሕዝቡም በመንገድ ዳር ተሰልፎ ተዋንያኑን ተቀበለ። ከመካከላቸው ግን አንዲቱ አልነበረችም። ሞግዚቲቱን ሆና የሠራችው ጥቍር አሜሪካዊት ሃቲ ማክዳንኤል፣ ነጭና ጥቍርን በሚለየው በጆርጂያ ሕግ ምክንያት ከበዓሉ ቀረች። በተከታዩ ዓመት ከጥቍር አሜሪካውያን መካከል የኦስካርን ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በዚያችም ሌሊት የተቀመጠችው ከሥራ ባልደረቦቿ ተለይታ፣ ከግድግዳው አጠገብ በተዘጋጀ ሌላ ጠረጴዛ ነበር። ፊልሙ የባርነትን ኑሮ አሳምሮ ማሳየቱን ያን ጊዜውኑ የተቃወሙ ጥቍር ጸሐፊዎች ነበሩ። ነገር ግን ዓመታት ሙሉ «ስካርሌት ማን ትሆን?» ሲባል ለሰነበተ ሕዝብ ሌላ ጥያቄ የሚሰማበት ጆሮ አልተረፈውም። የጥበቃ የመጀመሪያ ጕዳቱ ይህ ነው፤ የምንጠይቀውን ጥያቄ ሌላ ሰው ይመርጥልናል።

ሁለተኛው ጕዳት ሠሪዎቹን ራሳቸውን የሚያገኝ ነው። «ክሊዮፓትራ» የተባለው ፊልም ሲታሰብ 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይፈጃል ተብሎ ነበር። ኤልሳቤጥ ቴይለር የአንድ ሚሊዮን ዶላር ውል ተዋዋለች፤ ሥራው በ1960 በእንግሊዝ አገር ተጀመረ፤ እሷ በጠና ታመመች፤ በዚያ የተሠራው የጥንት እስክንድርያ አምሳል ተትቶ ሌላ በሮማ እንደ ገና ታነጸ። የተዋናይቱና የሪቻርድ በርተን ፍቅር የዓለምን ጋዜጦች ሞላ፤ የማያውቀው ሰው ሁሉ ፊልሙን ጠበቀ። በ1963 ሲታይ ወጪው ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ከታዩት ፊልሞች ሁሉ ብዙ ገንዘብ ያስገባው እሱ ሆኖ ሳለ ወጪውን ለመመለስ ግን ዓመታት ፈጀበት፤ ያሠራውንም ኩባንያ ለኪሣራ አቅርቦት ነበር። ወሬው የፊልሙን ቁመት አልፎ ሄዶ ነበርና።

ከዚህ በኋላ ነጋዴዎቹ አንድ ብልሃት ተማሩ። ቀድሞ በአሜሪካ ትልልቅ ፊልሞች በአብዛኛው በጥቂት ከተሞች ተጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ይሄዱ ነበር፤ ቀድሞ ያየው ላላየው ይነግራል፤ ፊልሙም በተመልካች ምስክርነት ይኖራል ወይም ይሞታል። በ1975 ግን ሰው በላ ስለ ሆነ ሻርክ የሚናገረው የስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» አስቀድሞ በቴሌቪዥን በብዙ ማስታወቂያ ተነግሮለት፣ በአንድ ቀን ከ400 በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶች ተከፈተ። ፊልሙ በእውነት መልካም ነበር፤ መንገዱ ግን ለመልካሙም ለክፉውም እኩል የሚያገለግል ሆነ። ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከገባ፣ ተመልካቹ ለጓደኛው ከመንገሩ በፊት ገንዘቡ ተሰብስቦ ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ «በጕጕት የሚጠበቅ» የሚለው ቃል ምስጋና ብቻ አይደለም፤ በገንዘብ የሚተመን ዕቃ ነው።

የዚህ ሁሉ ማስረጃ በአንድ ሰው ሥራ ላይ ተጠቃልሎ ይገኛል። የጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ» በሜይ 25 ቀን 1977 ሲከፈት ያሳዩት 32 ሲኒማ ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ አሠሪው ኩባንያ ራሱ ያን ያህል አልጠበቀውም ነበር። ሰው አይቶ ለሰው ነገረና ዓለምን ያዘ። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ያው ዲሬክተር ሌላ ክፍል አወጣ። ከወራት በፊት የጥቂት ደቂቃ ማስታወቂያው በሌላ ፊልም መጀመሪያ ላይ ሲታይ፣ ሰዎች ለዚያ ፊልም ከፍለው ገብተው ማስታወቂያውን ብቻ አይተው ወጡ። ቲኬት ለማግኘት ከሲኒማ ቤት ደጃፍ ድንኳን ተክለው የሰነበቱም ነበሩ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ከጠበቁት መካከል ግን ብዙዎቹ አዝነው ወጡ። ያልተጠበቀው አስደሰተ፤ የተጠበቀው አሳዘነ።

ወደ ራሳችን ሰው ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ» በ1993 ሲያወጣ በአሜሪካ የሚያከፋፍልለት ኩባንያ አጣ። ተስፋ ሳይቈርጥ ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ አሳየ፤ ተመልካቹም እየተቀባበለ ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ አዳረሰው። ቀጥሎ በጀርመን ተምሮ ወደ አገሩ ስለ ተመለሰ አንድ ኢትዮጵያዊ ምሁር የሚተርከውን «ጤዛ»ን ለመፈጸም ገንዘብ በመፈለግ ብዙ ዓመት ደከመ። ፊልሙ በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል አንደኛ ሆነ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያስጠብቅ የማስታወቂያ ገንዘብ የለም፤ እኛ ራሳችን ካልጠበቅነው በቀር ጠባቂ የለውም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ዝርዝሩን አታንብብ አንልም። ነገር ግን ስታነብ ሦስት ነገር አድርግ። መጀመሪያ፣ ስለ ፊልሙ የሚነግርህ ያየው ነው ወይስ የሚሸጠው መሆኑን ለይ። ሁለተኛ፣ የጥበቃውን ጊዜ በከንቱ አታሳልፈው፤ ፊልሙ ከመጽሐፍ የተወሰደ ከሆነ መጽሐፉን አንብብ፤ የዲሬክተሩንም የቀድሞ ሥራ እይ፤ ያን ጊዜ ተመልካች ብቻ ሳትሆን ፈራጅም ትሆናለህ። ሦስተኛ፣ ዝርዝሩን በደብተርህ ገልብጠህ አስቀምጥና በዓመቱ መጨረሻ አውጣው። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ያገኘኸውን ጻፍ፤ ከግርጌም ማንም ሳይነግርህ ያየኸውንና የወደድኸውን ፊልም ስም ጨምር።

ብዙ ስለ ጠበቅኸው ብቻ መልካም ነበር አትበል። የከፈልኸው ገንዘብ አይመለስም፤ የራስህ ፍርድ ግን በእጅህ ይቀራል። ከደብተርህም ግርጌ የተጻፈችው አንዲት ስም፣ ከላይ ከተደረደሩት ብዙዎች ይልቅ፣ ለጓደኛህ የምትነግረው ቁም ነገር ትሆንልሃለች።